ቡናው ተጠጣ፣ ዕቃው ቀረ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንድ ሰፈር ሰዎች ተመካክረው የላኳቸው ይመስላሉ። ጉዳዩ ቤት ውስጥ ቡና ጠርቶ ዕቃ መሸጥ ነው። ሱቅ የለም። ከአንድ ድርጅት የወጥ ቤት ዕቃ፣ ቅባትና ሽቶ ወይም አንሶላ ይወሰዳል፤ ጎረቤትና ዘመድ ይጠራል፤ ዕቃው እዚያው ታይቶ ይሸጣል፤ ሻጯ ኮሚሽን ታገኛለች። ወሬው ደስ ይላል። የጀማሪዎቹ ደብዳቤ ግን ደስ አይልም። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስም አላወጣሁም።

«የአዘዞ ልጅ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰው ቡና ጠርቼ አራት መጡ፤ ሁለቱ እህቶቼ ናቸው። ለቡና፣ ለስኳር፣ ለዳቦና ለፈንድሻ 400 ብር አወጣሁ። የሸጥኩት 1,350 ብር ነው፤ ኮሚሽኔ 20 በመቶ። ማታ ዕቃውን ወደ ካርቶኑ ስመልስ አለቀስኩ። ሥራው ውስጥ ያስገባችኝ ሴት ‹በራስሽ እመኚ› ትለኛለች። እኔ ግን ዳግመኛ ሰው የምጠራበት ፊት የለኝም።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። የ1,350 ብር 20 በመቶ 270 ብር ነው። ለቡናው 400 አውጥተሻል። 130 ብር ከኪስሽ ሄደ ማለት ነው። የከሰረ ሰው ቢያዝን ምን ይገርማል? ‹በራስሽ እመኚ› ጥሩ ቃል ነው፤ 130 ብሩን ግን አይመልስም። ደግሞ ያስገባችሽ ሴት ከአንቺ ሽያጭ ድርሻ የምታገኝ ከሆነ ምክሯን በዚያ ልክ ስሚው። እኔ በበኩሌ አነቃቂ ንግግር ብዙም አይጥመኝም። ሰው የሚበረታው ምን እንደተበላሸ ሲያውቅ ነው።

እስቲ የተበላሸውን እንየው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ያውም በጎንደር! ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው። ያቺ ሰዓት ባለትዳሯ ሁሉ ሽንኩርትና በርበሬ የምትመርጥባት ናት። የቀሩት ስምንቱ አንቺን ንቀው ነው ብለሽ አትደምድሚ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሞክሪ። ወይም በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፤ በእነዚህ ቀኖች ብዙ ሴት ከባድ ሥራ አትይዝም፣ ቡናውም አይቀርም። ሙስሊም ጎረቤቶችሽን የምትጠሪ ከሆነ የዓርብን እኩለ ቀን ተይው።

ሌላው፣ ስትጠሪያቸው ዕቃ እንዳለ ነግረሻቸዋል? ቡና ነው ተብሎ መጥቶ ካርቶን ሲዘረጋበት ሰው እንደተታለለ ይሰማዋል። ያን ቀን በይሉኝታ አንዲት ጭልፋ ይገዛል፤ ሌላ ቀን ስትጠሪው ‹አሞኛል› ይላል። አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጥቂት ሰው ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ማየት የሚፈልገው ነው።

ትልቁ ነገር ግን ቤቱ ነው። የጠራሽው ራስሽ ቤት፣ የራስሽን ሰዎች ነው። ይህ አሠራር ዝነኛ የሆነው በዚህ መንገድ አይደለም። አሜሪካዊው ኧርል ታፐር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ታፐርዌር የተባሉትን የፕላስቲክ ዕቃዎች ሠርቶ ሱቅ አስገባቸው። ብዙም አልተሸጡም። ክዳኑ አየሩን አስወጥቶ ጥብቅ የሚል ነበር፤ ገዢው ግን እንዴት እንደሚከደን አያውቅም፣ መደርደሪያ ላይ ደግሞ የሚያሳየው የለም። ቤት ለቤት እየዞሩ ክዳኑን ከፍተው ዘግተው የሚያሳዩ ሻጮች ግን በደንብ ሸጡት። ከእነሱ አንዷ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ብራውኒ ዋይዝ የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1951 ኩባንያው ዕቃውን ከሱቅ አውጥቶ በቤት ግብዣ ብቻ እንዲሸጥ ወሰነ፤ ሥራውንም ለእሷ ሰጣት።

እዚያ ግብዣው የሻጯ ቤት አልነበረም። አንዲት ሴት ቤቷን ትሰጣለች፤ ጓደኞቿን ትጠራለች፤ ሻጯ መጥታ ዕቃውን ታሳያለች፤ ቤቷን የሰጠችው ሴት ለድካሟ ስጦታ ታገኛለች። ከእንግዶቹ አንዷ ደግሞ የሚቀጥለውን ግብዣ ቤቷ እንዲሆን ትስማማለች። ሻጯ በየጊዜው የማታውቀውን ሰው የምታገኘው እንዲህ ነው። አንቺ ግን ጋባዥም ሻጭም ሆነሽ፣ ወጪውንም ሐፍረቱንም ብቻሽን ተሸከምሽው። እህቶችሽ ስንቴ ይግዙልሽ?

ስለዚህ ከመጡት አራቱ ዕቃውን አገላብጣ የጠየቀችሽን አስቢያት። ደውዪላትና እንዲህ በያት፦ «አንድ እሁድ አንቺ ቤት እንጠጣ፣ ቡናውንና ስኳሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ ጎረቤቶችሽን ጥሪ። ሽያጩ 3,000 ብር ካለፈ አንድ ዕቃ ያንቺ ነው።» 3,000 ቢሸጥ ኮሚሽንሽ 600 ብር ነው፤ የስጦታውን ዋጋ በዚያ ልክ ምረጪ። ካርቶኑን በሙሉ አትጎትቺ። ሁለት ሦስት ዕቃ ይበቃል። የሽሮ መክተቻው ውስጥ ሽሮ ክተቺና ክደኚው፣ ከዚያ ነጭ ነጠላ ላይ ገልብጪው። ይህን ያየች ሴት ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ስንት ቡና እንደምትሞክሪም ዛሬውኑ ወስኚ። ስድስት በይ። በየጊዜው የወጣውን፣ የተሸጠውን፣ የመጣውን ሰው ደብተር ላይ ጻፊ። ከስድስቱ በኋላ ደብተሩ ትርፍ ካላሳየ አቁሚው፤ የሚቆጭሽ ነገር አይኖርም። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ራስሽን አትፍረጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብራውኒ ዋይዝ ያን ሁሉ ሠርታ እ.ኤ.አ. በ1958 ከኩባንያው ተባረረች። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ድርጅት ‹ቤተሰባችን ነሽ› ቢልሽ ፈገግ በይና ኮሚሽንሽን ተቀበዪ።

«ዕቃውስ ይሄድልኛል፤ ግን ሁሉም በዱቤ ነው። ‹ደሞዝ ሲወጣ› ይሉኛል። ደሞዝ ሦስት ጊዜ ወጣ። አክስቴን እንዴት አድርጌ ብር ልጠይቃት? ሥራው አስጠላኝ።» (ከማራኪ)

ሥራው አይደለም ያስጠላሽ፤ በነጻ ማደል ነው። ያልተከፈለበት ዕቃ አልተሸጠም። ደብተርሽ ላይም ‹የተሸጠ› ብለሽ አትጻፊው፤ ራስሽን ታታልያለሽ።

ለአክስትሽ እውነቱን ንገሪያት፦ «እቴቴ፣ ዕቃው የእኔ አይደለም፣ የማስረክበው አለብኝ። እስከ እሁድ ግማሹን ብትሰጭኝ ትገላግይኛለሽ።» ቀን ቁረጪ፣ መጠን ንገሪ። ‹ሲመችሽ› የሚባለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው፤ ለማንም ተመችቶት አያውቅም። ብሩ የለኝም ካለችሽና ዕቃው ካልተነካ መልሰሽ ውሰጂ። ቅር ትላለች። ሦስት ወር ስትሸሽሽ ከምትኖር ግን ይሻላል።

ከእንግዲህ ግማሽ ቀብድ ሳትቀበዪ ዕቃ አትስጪ። ‹ብር አልያዝኩም› ለሚሉሽ ቴሌብር አለ፤ ቡናው ላይ ቁጭ ብለው መላክ ይችላሉ። የምትሸጭላቸው ሠራተኞች ከሆኑ ደግሞ ቡናውን ወር መጨረሻ ላይ አድርጊው። ወሩ በገባ በ20 ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ምን ይግዛ?

ውድ ለሆነው ዕቃ ሌላ መንገድ አለ፤ እናቶቻችን ያውቁታል። የዕቃ ዕቁብ። ስድስት ሴቶች በወር 500 ብር ይጥላሉ፤ በየወሩ ዕጣ የወጣላት የ3,000 ብር ዕቃ ትወስዳለች። ብሩ ቀድሞ ተሰብስቦ ነው ዕቃው የሚወጣው፤ ስለዚህ ማንም ላይ ዱቤ የለሽም። አንቺም የስድስት ወር ሽያጭሽን ከወዲሁ ታውቂዋለሽ። ተስፋ ለቆረጠ ሻጭ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕቁቡን የሚጽፈው ግን ሌላ ሰው ይሁን፤ ሻጭም ጸሐፊም ስትሆኚ ወሬ አይጠፋም።

«ባለቤቴ ይህን ሥራ ጀምራ አልሆነላትም። ቤት ውስጥ ዝም ብላለች። መጀመሪያ ተቃውሜ ነበር። አሁን እንዴት ላበርታት?»

ወንድሜ፣ መጠየቅዎ ራሱ ደግ ነው። መጀመሪያ ግን ‹ነግሬሽ አልነበረም?› የምትለዋን ቃል ይዋጧት። ምክርም አይጀምሩ፤ የሽያጭ ምክር ከሚጠላው ሰው አፍ አይጥምም። ቡና የምትጠራ ቀን ልጆቹን ይዘው ይውጡ፣ ካርቶኑን ባጃጅ ላይ ይጫኑላት። ማታ ‹ስንት ሸጥሽ?› ከማለት ‹እነማን መጡ?› ይበሉ። የቤት አስቤዛ ብር ዕቃው ውስጥ ገብቶ ከሆነ ግን ዝም አይበሉ። ምን ያህል ሊከስር እንደሚችል ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ቁረጡት።

«ጾም ሲገባ ሽያጩ ይሞታል ይሉኛል። እውነት ነው?»

እንደ ዕቃው ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰርግ ስለሌለ የሰርግ ስጦታ አይንቀሳቀስም። የጾም ምግብ ግን ይሠራል፤ ማስቀመጫና መክተፊያ ያኔ ለምን አይሸጥም? በጎንደር ቁም ነገሩ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ነው። እንግዳ ከየቦታው ይገባል፤ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ሳህንና ብርጭቆ ያልቃል። ልብስ የምትሸጭ ከሆነማ ‹ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ› የተባለበት አገር ነው ያለሽው፤ ከታኅሣሥ መጀመሪያ አንስቶ ጥሪ። በመስከረም አትድከሚ። የትምህርት ቤት ወጪ ሁሉን ጨርሶታል።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። 8,000 ብር ከፍዬ የውበት ዕቃ ጥቅል ወሰድኩ። ዕቃውን የሚገዛኝ የለም። አለቃዬ ‹አትሽጥ፣ አምስት ሰው አምጣ፣ እነሱም አምስት አምስት ያመጣሉ› ይለኛል። በየሳምንቱ ስብሰባ አለ፤ እጨበጭባለሁ፣ ወደ ዶርም ስመለስ ይጨልምብኛል። እንዴት ሞራሌን ልመልስ?»

ሞራልህ እንዲመለስ አልፈልግም። ያ ጨለማ ትክክል ነው የሚነግርህ።

አንተን እዚህ ገጽ ላይ ያስገባሁህ ሥራው ከላይ ሲታይ ከሌሎቹ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። የአዘዞዋ እህታችን ሽሮ መክተቻ ሸጣ 270 ብር አግኝታለች። ትንሽ ናት፤ ግን ዕቃውን የፈለገ ሰው የከፈላት ናት። አንተ ጋ ገንዘቡ የሚመጣው አዲስ ከሚገባው ሰው ኪስ ነው። አለቃህ ያለህን ቁጠረው። አንድ ሰው አምስት፣ እነሱ 25፣ ከዚያ 125፣ 625፣ 3,125፣ 15,625፣ 78,125፤ ስምንተኛው ረድፍ 390,625 ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የጎንደር ከተማ ሕዝብ ሕፃንና ሽማግሌ ሳይለይ 207,044 ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ብታድግም ያ ረድፍ የሚሞላበት ሰው ከየት ይመጣል? ታች ያለው ሁሉ ብሩን እንደሰጠ ይቀራል። ታች ያለው ደግሞ የአንተ ጓደኛ፣ የአንተ የአክስት ልጅ ነው።

ሕጉም ያውቀዋል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን፣ የፒራሚድ ሽያጭ የሚባለውን ይከለክላል።

አሁን ምን ታደርጋለህ? አንድም ሰው አታስገባ። ከሁሉ በፊት ይህ። የከፈልክበትን ደረሰኝና የተላላካችሁትን መልእክት አስቀምጥ፤ ዕቃውን መልሰው ብሩን እንዲሰጡህ በጽሑፍ ጠይቅ። እምቢ ካሉ ለከተማው ንግድ መምሪያ አመልክት። ያልተከፈተውን ዕቃ በቀነሰ ዋጋም ቢሆን ሽጠው፤ 8,000ው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፤ እሱን ለማስመለስ ብለህ ሌላ 8,000 እንዳትጨምር። ቤተሰብህ የላከልህ ብር ከሆነ ለእናትህ ንገራት። ትቆጣለች። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ እየሄድክ አታጨበጭብም።

«ጎረቤቴ በየሁለት ሳምንቱ ቡና ትጠራኛለች፤ ሁሌም ዕቃ አለ። ጡረተኛ ነኝ፣ አቅሜ አይችልም። እንዳልቀር ደግሞ ጉርብትናው ያሳስበኛል።»

እትዬ፣ ይሂዱ። ሲገቡ ግን፣ ዕቃው ሳይዘረጋ፣ «ልጄ፣ እኔ ዛሬ የመጣሁት ለቡናሽ ነው፣ ዕቃውን ለሚገዙት አሳዪ» ይበሏት። በሳቅ ይበሉት። ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳም አይነሱ፤ ዕቃ ሽሽት የሄዱ ይመስላታል። በሌላ ቀን ደግሞ እርስዎ ይጥሯት፣ ካርቶን በሌለበት።