የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሕንዶቹና ቬትናማውያኑ በአሜሪካ፣ የማን ኑሮ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ተከራክረን ሳንስማማ የቀረንበት ጉዳይ ስላለ ነው የምጽፍልዎ። በአሜሪካ የሚኖሩ የሕንድ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች ገቢ ከቬትናማውያኑ ገቢ እጅግ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አብረን ተመልክተን ነበር። ባልደረባዬ «ይህ የባህል ጉዳይ ነው፤ አንዱ ሕዝብ ለትምህርትና ለቁጠባ ይተጋል፣ ሌላው አይተጋም» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ታታሪ ናቸው ሲባል ስለሰማሁ ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ልዩነቱ ከየት መጣ? የሁለት ፍልሰተኛ ማኅበረሰቦችን ኑሮ በትክክል ማወዳደር የሚቻለውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያዩት ሰንጠረዥ አልተሳሳተም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰበሰበው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መረጃ መሠረት የሕንድ ዝርያ ያለው ሰው የሚመራው ቤተሰብ መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ወደ 119,000 ዶላር ሲሆን፣ የቬትናማውያኑ ወደ 70,000 ዶላር ነበር። መካከለኛ ስል ቤተሰቦቹ ሁሉ ከድሃው እስከ ሀብታሙ በተርታ ቢሰለፉ ልክ መሃል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ የሚያገኘውን ገቢ ማለቴ ነው። አማካይ ግን የሁሉም ገቢ ተደምሮ ለቤተሰቦቹ ቁጥር የሚካፈልበት ስለሆነ፣ ጥቂት ባለጸጎች ካሉ ወደ ላይ ይጎተታል። ማኅበረሰቦችን በአማካይ ገቢ የሚያወዳድር ጽሑፍ ሲያጋጥምዎ ይህን ያስቡበት። እዚህ ላይ ግን በመካከለኛውም ቢሆን ልዩነቱ ሰፊ ነው።

የማልስማማው ከቁጥሩ በኋላ በሚመጣው ድምዳሜ ነው። እነዚህ ሁለት ማኅበረሰቦች አሜሪካ የገቡት በአንድ በር አይደለም፤ የመጡበትን በር ሳይመለከቱ ገቢያቸውን ማወዳደር ደግሞ ተፈትኖ የተመረጠን ሰው ከእሳት ሸሽቶ ከወጣ ሰው ጋር እንደ ማወዳደር ይቆጠራል።

ከቬትናማውያኑ እንጀምር። በ1975 ሚያዝያ ወር ማብቂያ ላይ የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በኮሚኒስቱ የሰሜን ጦር እጅ ስትወድቅ በመጀመሪያው ማዕበል ወደ 125,000 የሚጠጉ ሰዎች አሜሪካ ገቡ። ከእነዚህ መካከል የጦር መኮንኖች፣ የመንግሥት ባለሥልጣናትና እንግሊዝኛ የሚያውቁ የተማሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም ቤታቸውን፣ ገንዘባቸውንና ማዕረጋቸውን ጥለው ነው የወጡት። ከ1978 ጀምሮ ደግሞ በጀልባ የሚሸሹት መጡ። ዓሣ አጥማጆች፣ ገበሬዎች፣ ንብረታቸው የተወረሰባቸው የቻይና ዝርያ ያላቸው ነጋዴዎች በባሕር ላይ ወጡ፤ ብዙዎች ሰጥመው ቀሩ፤ የተረፉትም በማሌዥያ፣ በታይላንድና በሆንግ ኮንግ መጠለያዎች ወራት አንዳንዴም ዓመታት ጠበቁ። በ1980ዎቹ ማብቂያ በተደረገ ስምምነት ደግሞ በኮሚኒስቱ መንግሥት «ተሐድሶ» በሚባሉ የእስር ካምፖች ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ታስረው የቆዩ ሰዎች ከነቤተሰባቸው እንዲመጡ ተፈቀደ። ዕድሜው ሃምሳ ደርሶ፣ ጤናው ተጎድቶ፣ ቋንቋ ሳያውቅ ከአውሮፕላን የወረደ የቀድሞ እስረኛ በዚህ ሁኔታ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም። አሜሪካ እነዚህን ሰዎች ስትቀበል ዲፕሎማቸውን አልጠየቀችም፤ መጠየቅም አልነበረባትም፤ የተቀበለቻቸው ሕይወታቸው አደጋ ላይ ስለነበረ ነውና። ስለዚህ በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆሴ የኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች፣ በቴክሳስና በሉዊዚያና የባሕር ዳርቻ የሽሪምፕ ጀልባዎች ላይ፣ ቀጥሎም በመላ አገሪቱ በተስፋፉት የጥፍር ውበት ቤቶች ውስጥ ሥራ ያዙ። የጥፍር ሥራው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሥልጠናው ጥቂት ወራት ይፈጃል፣ ብዙ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፣ ቤቱን ለመክፈትም መጠነኛ ገንዘብ ይበቃል።

የሕንዶቹ በር ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እስከ 1965 ድረስ የአሜሪካ ሕግ ከሕንድ የሚቀበለው እጅግ ጥቂት ሰው ነበር፤ በ1946 የወጣው ሕግ የፈቀደው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነው። የ1965ቱ ሕግ የአገር ኮታውን ሲሽር በሩ በዋነኛነት የተከፈተው ለባለሙያና ለቤተሰብ ሆነ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ገቡ። በ1990 የወጣው ሕግ ደግሞ ኤች ዋን ቢ የሚባለውን ቪዛ አመጣ። ይህን ቪዛ ለማግኘት ቢያንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም አቻው ያስፈልጋል፤ ቀጣሪ ድርጅትም አስቀድሞ መገኘት አለበት፤ ቀጣሪውም በሥራው የተለመደውን ደመወዝ እንደሚከፍል ማረጋገጥ አለበት። በየዓመቱ ለግል ኩባንያዎች የሚሰጠው አዲስ ቪዛ በ85,000 የተገደበ ሲሆን፣ ባለፉት ዓመታት ከጸደቁት ማመልከቻዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የሕንድ ዜጎች ናቸው። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ካላት አገር፣ ዲግሪ ያለው፣ ሥራ ያገኘና ደመወዙ የተወሰነለት ሰው ብቻ የሚያልፍበት ወንፊት ሲዘረጋ፣ ከወንፊቱ በታች የሚገኘው ሕዝብ ከፍተኛ ገቢ ያለው መሆኑ ሊያስደንቀን አይገባም። በ2019 ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የሕንድ ዝርያ ያላቸው የአሜሪካ ነዋሪዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ነበራቸው፤ ከቬትናማውያኑ ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ብቻ። ሕንድ ውስጥ ካለው ሕዝብ ዲግሪ ያለው ትንሽ ክፍል መሆኑን ካስታወስን፣ ባልደረባዎ የሕንድ ባህል ነው ያሉት ነገር በአብዛኛው የአሜሪካ ቪዛ ሕግ ሥራ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን ስል የማንንም ልፋት ማቃለሌ አይደለም። ወንፊቱን ለማለፍ የተከፈለው ድካም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ያላለፉት ሰነፎች ነበሩ ለማለት ማስረጃ አይሆንም።

በየማኅበረሰቡ ውስጥ ያለውንም ልዩነት ይመልከቱ። በሕንዶቹ ዘንድ የሶፍትዌር ባለሙያው ብቻ አይደለም ያለው፤ የታክሲ አሽከርካሪው፣ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛው፣ በካሊፎርኒያ ከመቶ ዓመት በፊት ከፑንጃብ መጥተው በግብርና የሰፈሩት ቤተሰቦች ልጆች፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውም ብዙ ሰዎች በአንድ ቁጥር ሥር ተጠቃለዋል። ከፍተኛው መካከለኛ ገቢ እነዚህን ሰዎች ከዓይን ይሰውራቸዋል፤ ማኅበረሰቡ «ሀብታም» ተብሎ ስለሚታሰብ ችግራቸውን የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ መለኪያው ልምጣ። የቤተሰብ ገቢ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ የሚያገኙት ድምር ነው። አያት፣ ወላጅና ለሥራ የደረሱ ልጆች አብረው በሚኖሩበት ቤት ሦስትና አራት ደመወዝ ሊደመር ይችላል፤ ያው ገንዘብ ግን የሚካፈለው ለስድስትና ለሰባት ሰው ነው። በአንጻሩ ባለትዳር የሆኑ ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ለሁለት ይካፈሉታል። ስለዚህ ገቢው ለነፍስ ወከፍ ሲሰላና ስንት ሰው ሠርቶ እንዳመጣው ሲታይ በሁለት ማኅበረሰቦች መካከል ያለው ርቀት ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። ዕድሜም እንዲሁ ነው። በሥራ ቪዛ የገባ ሕዝብ በአብዛኛው ለሥራ በተመቸ ዕድሜ ላይ ያለ ሲሆን፣ በስደት የገባ ሕዝብ አዛውንቱንም ሕፃኑንም ይዞ ነው የሚመጣው።

የመኖሪያ ቦታም ዋጋ አለው። የቤት ኪራይ እጅግ ውድ በሆነበት በሳን ሆሴ አካባቢ 100,000 ዶላር የሚያገኝ ቤተሰብና በሂውስተን ያንኑ የሚያገኝ ቤተሰብ እኩል አይኖሩም። ሆኖም የአሜሪካ ይፋዊ የድህነት ወለል ይህን አይለይም። ሞሊ ኦርሻንስኪ የተባሉ የመንግሥት ባለሙያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቀመሩት ሲሆን፣ የአነስተኛ የምግብ ወጪን በሦስት በማባዛት የተገኘና በአገሪቱ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት የሆነ መስመር ነው። የቤት ኪራይን የአካባቢ ልዩነት የሚያስገባ ተጨማሪ መለኪያ መውጣት የጀመረው በ2011 ነው። ሁለቱም ማኅበረሰቦች በካሊፎርኒያ ውድ ከተሞች በብዛት ስለሚኖሩ፣ በይፋዊው መስመር ብቻ ማወዳደር የሁለቱንም ችግር አሳንሶ ያሳያል።

ባልደረባዎን ይበልጥ የሚያስገርማቸው ግን ምናልባት ይህ ይሆናል፦ መለኪያው ከገቢ ወደ ቤት ባለቤትነት ሲዞር ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የራሳቸው ቤት ያላቸው ቬትናማውያን ቤተሰቦች ድርሻ ከሕንዶቹ ይበልጣል። ምክንያቱ ምን ይሆን? አብዛኞቹ ቬትናማውያን ፍልሰተኞች ከ2000 በፊት የገቡ በመሆናቸው ለመቆጠብና ለመግዛት ጊዜ አግኝተዋል፤ በስደተኝነት ስለገቡም ከመጀመሪያው ቋሚ የመኖሪያ መብትና የዜግነት መንገድ ተከፍቶላቸዋል። ከሕንዶቹ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ2000 በኋላ የመጡ ናቸው። በተጨማሪም ሕጉ በቅጥር መነሻነት በየዓመቱ ከሚሰጠው ግሪን ካርድ ለአንድ አገር ተወላጆች በመሠረቱ ከ7 በመቶ በላይ እንዳይሰጥ ስለሚገድብ፣ ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ተራው እስኪደርስ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በጊዜያዊ ቪዛ ሊቆይ ይችላል። ሥራው ቢቋረጥ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት ወይም አገር መልቀቅ ያለበት ሰው የሠላሳ ዓመት የቤት ብድር ለመግባት ቢያመነታ አይፈረድበትም። ለረጅም ዘመን የትዳር ጓደኛውም የመሥራት ፈቃድ አልነበራትም፤ በ2015 የተፈቀደውም የግሪን ካርድ ሂደታቸው የተወሰነ ደረጃ ለደረሰ ብቻ ነው። ከፍተኛ ገቢ ያለው፣ ነገር ግን ነገ የት እንደሚያድር እርግጠኛ ያልሆነ ቤተሰብ ደኅንነቱ የተሟላ ነው ለማለት እቸገራለሁ።

የጊዜውን ነገር ካነሳን አይቀር፣ የኢኮኖሚ ሊቃውንትም በዚህ ጉዳይ ተከራክረዋል። ባሪ ቺስዊክ በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ፍልሰተኛ በገባ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ገቢው ከአገሬው ተወላጅ ጋር ይስተካከላል፣ ከዚያም ይበልጣል የሚል ውጤት አቀረቡ። ጆርጅ ቦርሃስ ደግሞ በ1985 ይህን ስሌት ተቹ፤ በአንድ ዓመት በተወሰደ መረጃ ላይ ቀድሞ የገባውንና አዲስ የገባውን ማስተያየት አንዱን ሰው በሁለት ዕድሜው ማየት አይደለም፤ ቀድሞ የገቡት ከመነሻው የተለዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉና። ይህ ማስጠንቀቂያ ለእኛም ጥያቄ ይሠራል። በ1975 የገባው የሳይጎን መኮንንና በ1981 በጀልባ የመጣው ዓሣ አጥማጅ ሁለቱም «ቬትናማዊ» ተብለው ቢመዘገቡም መነሻቸው ለየቅል ነው።

እንግዲህ ማወዳደሩ አይቅር፤ ነገር ግን ተመሳሳይን ከተመሳሳይ ጋር ይሁን። ዲግሪ ያለው ከሕንድ የመጣ ሰው ዲግሪ ካለው ከቬትናም የመጣ ሰው ጋር፣ በአንድ ከተማ፣ በተቀራራቢ ዕድሜ፣ በተቀራራቢ የቆይታ ዘመን ሲወዳደሩ ከሰንጠረዡ ልዩነት ብዙው እየሟሟ ይሄዳል። የሚቀር ልዩነት ካለ ያን ጊዜ ስለ ባህል፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ዘመድ መረብ መነጋገር ይቻላል።

ጥያቄ፦ በዚሁ ጉዳይ የምጠይቀው አለኝ። የፍልሰተኞች ልጆች እዚያው ተወልደው ሲያድጉ በወላጆቻቸው ስም መቆጠር አለባቸው? ውጤቱንስ አያዛባም?

መልስ፦ ያዛባል፤ ስለዚህም ነው በትውልድ አገር የተሰበሰበ መረጃና ሰው ራሱ በሚናገረው ዝርያ የተሰበሰበ መረጃ መለየት ያለባቸው። በቬትናም የተወለደ የቻይና ዝርያ ያለው ሰው በትውልድ አገር ሲቆጠር ከቬትናማውያን ጋር ይገባል፣ በዝርያ ሲቆጠር ግን ራሱን ቻይናዊ ብሎ ሊያስመዘግብ ይችላል። ኡጋንዳ ተወልዶ በ1972 ከዚያው የተባረረው የሕንድ ዝርያ ያለው ነጋዴም በአንዱ መዝገብ ሕንዳዊ፣ በሌላው ኡጋንዳዊ ነው።

ልጆቹን ለብቻ ማየት ግን እጅግ ጠቃሚ ነው። አሜሪካ የተወለዱት የቬትናማውያን ልጆች ዲግሪ የያዙበት መጠን ከወላጆቻቸው በብዙ ይበልጣል፤ ብዙዎቹ ያደጉት እናቶቻቸው ቀኑን ሙሉ በጥፍር ቤት፣ አባቶቻቸው በፋብሪካ ሲውሉ ነው። የሕንዶቹ ልጆች ደግሞ ከወላጆቻቸው እጅግ ሊርቁ አይችሉም፤ ወላጆቻቸው የጀመሩት ከከፍታው ላይ ነበርና። ሰንጠረዡን የዛሬ ገቢ ከማሳየት ይልቅ ከወላጅ ወደ ልጅ የተጓዙትን ርቀት እንዲያሳይ አድርገን ብናዘጋጀው፣ የመጀመሪያው ጠያቂያችን ባልደረባ ለትምህርት አይተጋም ያሉት ማኅበረሰብ ከፊት ከሚሰለፉት መካከል ይገኛል።