ያን ሌሊት እማዬን ያዘላት ማን ነው?

ጥያቄ፦ «እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ለመታሰቢያዋ ደብረ ብርሃን ተሰብስበን ሳለ ታላቅ ወንድሜ ለዘመድ አዝማዱ አንድ ታሪክ አወራ። እማዬ በክረምት ሌሊት ታማ፣ ጭቃው መኪና አላስገባ ብሎ፣ እስከ አስፋልት አዝሏት እንደወረደና አንድ የአይሱዙ ሹፌር ሐኪም ቤት እንዳደረሳቸው። ክው አልኩ። ያዘልኳት እኮ እኔ ነኝ! 17 ዓመቴ ነበር። እሱ ያኔ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የመጣው በማግስቱ ነው። ይህን ስናገር ‹አንቺማ ትንንሾቹን ይዘሽ ቤት ስታለቅሺ ነበር› አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ የነጠላዋን ጥለት ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ። አክስቴም ‹እሱ ነው ያዘላት› ትላለች። አራት ወር ሆነን ሳንነጋገር። ወንድምዓለም (ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምንጠራው) ለምን ይዋሻል? ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት? ስምንት ዓመት ሙሉ እናቴን ያስታመምኩት እኔ መሆኔንስ የሚያስታውስ ሰው የለም?»

መልስ፦ አላበድሽም፣ እህቴ። ወንድምሽም የዋሸ አይመስለኝም። ውሸታም እውነቱን ያውቀዋል፤ እያወቀ ነው የሚሸሽገው። ወንድምሽ ግን ልክ እንደ አንቺ የጭቃውን ቅዝቃዜ እግሩ ላይ፣ የእናታችሁን ትንፋሽ አንገቱ ላይ እያስታወሰ ይሆናል ያወራው። ማናችሁ እንደተሳሳታችሁ እኔ ልፈርድ አልችልም። ይቅርታ አድርጊልኝና አንቺም አትችዪም።

ብዙዎቻችን ትዝታን እንደ ቪዲዮ እናስበዋለን። አንዴ ተቀርጿል፤ ስንፈልግ ከፍተን እናየዋለን። ለእኔ ግን የሚመስለኝ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር እንደሚመረግ የጭቃ ቤት ነው። ማገሩ የድሮው ነው፤ ምርጊቱ የዘንድሮ። አንድን ነገር ባስታወስን ቁጥር እንደገና እንመርገዋለን። የጎደለውን ከሰማነው፣ ከገመትነው፣ ከዛሬው ስሜታችን እየወሰድን እንሞላዋለን። ጭቃው ሲደርቅ የቱ አሮጌ፣ የቱ አዲስ እንደሆነ አይለይም። ለባለቤቱም ጭምር።

ጥለቱን አንስተሻል። አምንሻለሁ፣ ይታይሻል። ግን ጥርት ብሎ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በ1986 (እ.ኤ.አ.) አየር ላይ ስትጋይ ኡልሪክ ናይሰርና ኒኮል ሃርሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ለኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በማግስቱ ወረቀት ሰጡ። «ዜናውን የት ሆናችሁ፣ ከማን ሰማችሁ?» የሚል ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱን እንደገና ጠየቋቸው። 11ዱ ከመጀመሪያው ጋር አንድም ነገር አልገጠመላቸውም። ግን አብዛኞቹ በትዝታቸው እርግጠኞች ነበሩ። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ቀርቦላቸው እንኳ የድሮው ትዝታ አልተመለሰላቸውም።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ታንኮቹ አዲስ አበባ ሲገቡ በአያቴ ቤት መስኮት አሻግሬ እያየሁ እንደነበር ለስንት ሰው አውርቻለሁ። አንድ ቀን እናቴ ሰማችኝና «ምን ታንክ? አንተ እኮ ያኔ ደብረ ዘይት አጎትህ ጋ ነበርክ። በኋላ በቴሌቪዥን አይተኸው ነው» አለችኝ። መስኮቱ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል። መጋረጃው ሳይቀር።

ወደ እናንተ ልመለስ። በወንድማማችና በእህትማማች መካከል እንዲህ ያለ ነገር የተለመደ ነው። ሺን፣ ኬምፕና ሩቢን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት መንትዮችን ስለ ድሮ ትዝታቸው ጠይቀው ነበር። ብዙዎቹ መንትዮች አንዱን ታሪክ ሁለቱም «በእኔ ላይ የደረሰ ነው» አሉ። አስቢው፣ አንዱ የግድ ተሳስቷል። ግን ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚናገሩት። ታሪኩ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለተወራ አእምሮ ውስጥ ይቀራል፤ «ይሄን ያየሁት ነው ወይስ የሰማሁት?» የሚለው ምልክት ግን ተለይቶ ይወድቃል።

ወንድምሽ ላይ የደረሰውም ይኸው ሊሆን ይችላል። እናታችሁ ያን ሌሊት አሥር ጊዜ አውርታለት ይሆናል። እሱም በሰማ ቁጥር በዓይነ ሕሊናው ሥሎታል። እናቱ ስትታመም አለመኖሩ የሚያንገበግበው ልጅ ደግሞ ቀስ በቀስ ራሱን ሥዕሉ ውስጥ ቢያስገባ አይገርመኝም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ክረምት ነበር ብለሻል። ክረምት ዩኒቨርሲቲ ይዘጋል፤ ተማሪው ወደየቤቱ ይመጣል። ላጠምድሽ ብዬ አይደለም። ስምንት ዓመት የታመመች እናት ግን በሌሊት ሐኪም ቤት የሄደችው አንዴ ብቻ ነው? ምናልባት ሁለት ሌሊት ነበር። በአንዱ አንቺ፣ በሌላው እሱ። የሚመሳሰሉ ቀናት እየዋሉ እያደሩ አንድ ቀን ይሆናሉ። ይህን ያሰበ ሰው በመካከላችሁ አልነበረም።

አክስትሽን እንደ ምስክር አትቁጠሪያት። መጥፎ ሴት ናት ማለቴ አይደለም። ታሪኩን ለቅሶ ቤት ከወንድምሽ ሰምታው ከሆነ የምትመሰክረው የሰማችውን ነው። የጥያቄው አጠያየቅም ምስክርን ይለውጣል። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1974 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ለሰዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳይተው ነበር። መኪኖቹ «ሲላተሙ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ተብለው የተጠየቁት፣ ለስለስ ባለ ቃል ከተጠየቁት የበለጠ ፍጥነት ገመቱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ «ሲላተሙ» ተብለው ከተጠየቁት ሲሶ የሚጠጉት ፊልሙ ላይ ያልነበረ የተሰባበረ መስታወት አየን አሉ፤ ለስለስ ባለው ቃል ከተጠየቁት ግን እንዲህ ያሉት ጥቂት ነበሩ። አንዲት ቃል ናት ይህን ያመጣችው። እንግዲህ አክስትሽን «ወንድማቸው አዝሏት አልነበር እንዴ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ካለ፣ በቃ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ቢረሳማ ጥሩ ነበር። ሳይረሳ ነው የሚለወጠው። ስለዚህ በመካከላችሁ የውርስ ወይም የብር ጉዳይ ካለ በትዝታ አትከራከሩ፤ ወረቀት አውጡ። የዚህችን ሌሊት ነገር ግን በወረቀት መፍታት አያስፈልግሽም። ማጣራት ካማራችሁ ሳትነጋገሩ፣ ለየብቻችሁ የምታስታውሱትን ጻፉና በኋላ አንድ ላይ አንብቡት። ልዩነቱ ሊያስቃችሁም ይችላል።

(በነገራችን ላይ፣ የትናንቱን ነገር ዛሬ «አላልኩም፣ አላደረግኩም» እያለ ሆን ብሎ የሚያደናግርሽ ሰው ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ነበር። ከደብዳቤሽ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።)

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔን የያዘኝ የአይሱዙው ታሪክ አይደለም፤ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ስምንት ዓመት አስታመምሽ፤ «ደከመሽ» ያለሽ የለም። ያን ሌሊት አጥብቀሽ የያዝሽው የዚያ ሁሉ ድካም ምስክር ሆኖ የቀረሽ እሱ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። ወንድምሽ ሰው ፊት ሲወስድብሽ ስምንቱንም ዓመት የወሰደብሽ ያህል ተሰማሽ። ሳቁ ደግሞ አባሰብሽ።

ስለዚህ ስትደውዪ «ማን አዘላት» ብለሽ አትጀምሪ። እንዲህ በዪው፦ «ወንድምዓለም፣ የዚያን ሌሊት ነገር ለጊዜው እንተወው። እማዬን ስምንት ዓመት ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ስትስቁብኝ ያ ሁሉ እንዳልነበረ ሆነብኝ። አንተ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።» ከዚያ ዝም በዪ። ምናልባት መጀመሪያ ይከላከል ይሆናል፤ ታገሺው። ሲበርድለት፣ ሐዋሳ ሆኖ ከቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ምን ይሰማው እንደነበር ጠይቂው።