ጡረታ ወጥተው በሀይሩፍ አገር ለመዞር ላሰቡ ባልና ሚስት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። እርስዎና ባለቤትዎ ጡረታ ወጥታችሁ ጅማ ተቀምጣችኋል። ሀይሩፋችሁ ውስጥ አልጋ አሰርታችሁ አገር ልትዞሩ አስባችኋል። ልጆቹ ደግሞ "በዚህ ዕድሜ መኪና ውስጥ ማደር ምን ማለት ነው?" ብለው ተቃውመዋል። የሞከረ ሰው ካለ ይንገረን ብለዋል። እኔና ባለቤቴ ሞክረነዋል። እኛም የጅማ ሰዎች ነን፣ ሁለታችንም በመምህርነት ኖረን ጡረታ የወጣን።

ይቻላል። በጣምም ደስ ይላል። ግን ጉዞውን ከማደሪያው ጀምራችሁ አቅዱት። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ውጭ አገር እንዲህ ላለ መኪና የተዘጋጀ ማደሪያ አለ። መብራት ይሰካል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ቆሻሻ ይደፋል። እኛ አገር መንገድ ላይ ይህን አትጠብቁ። እኛ የምናድረው ሰፊ ግቢና ጥበቃ ያለው ሆቴል ውስጥ ነው። ገብተን ባለቤቱን ወይም ማናጀሩን እናናግራለን። "እራት እዚሁ እንበላለን፣ ግቢያችሁ ውስጥ መኪናችን ውስጥ እናድራለን፣ ለሻወርና ለመጸዳጃ ቤት እንከፍላለን" እንላለን። መታወቂያችንን ሳንጠየቅ እንሰጣለን። አንዳንዱ ግር ይለዋል። አንዳንዱ አይሆንም ይላል። ሽበታችንን አይቶ "ኧረ እናትና አባት፣ ግቡ" የሚለው ግን ይበዛል። ለዘበኛው የሻይ የሚሰጠው ማታ ነው፣ ጠዋት ስትወጡ አይደለም። መንገድ ዳር፣ ጫካ ጥግ ወይም ወንዝ ዳር ግን፣ ቦታው የቱንም ያህል ቢያምር አትደሩ።

ይህን ሁሉ ለመነጋገር ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማደሪያችን ደርሰን መኪናውን እናቆማለን። ማታ መንዳት ጭራሽ የለም። የመንገድ መብራት በሌለበት ከብትና ጋሪ ድንገት ፊታችሁ ይደቀናል፣ በእኛ ዕድሜ ደግሞ ዓይን እንደ ድሮው አይደለም። ወገብ ሲደክም ደግሞ አልጋ ያዙ። ሀይሩፍ አለን ብላችሁ በየቀኑ እዚያው ውስጥ ማደር የለባችሁም።

ስለ መኪናው። ወንበር ነቅሎ አልጋ መግጠም ቀላል ይመስላል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ግን ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ኢንሹራንሳችሁንም እንዲሁ። አለበለዚያ ቦሎ ሲታደስ ጣጣ ሊመጣ ይችላል። የእኛ አልጋ በቡሎን ተገጥሞ የሚፈታ ነው። ከስሩ ዕቃ ይገባል። እንጨቱን አታብዙት፣ ክብደት ነው። ከባድ ዕቃ ሁልጊዜ ከታች ይሁን። ለመብራትና ለስልክ አንድ ተጨማሪ ባትሪና ትንሽ ሶላር ይበቃል። ውሃ በጀሪካን ነው።

አሁን የምለውን ግን አደራ፣ ልብ በሉት። ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። የጅማ ሰው ያለ ቡና አይሆንለትም፣ ሌሊቱም ሊበርድ ይችላል። እናም ፍም ያለበትን ምድጃ "ለሙቀት" ብሎ ማስገባት ያጓጓል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ ሳይታይ፣ ሰውየው እንደተኛ ይገድላል። ቡታጋዝም ቢሆን ውጭ ይብሰልበት። ለብርዱ ብርድ ልብስና ጋቢ ያዙ፣ መስኮቱንም ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ተኙ።

ቡናው ውጭ ሲፈላ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ጀበናው ሲጣድ ዘበኛው ይመጣል፣ ወጥ ቤት የምትሰራዋ ትመጣለች፣ እዚያው ያደረ የአይሱዙ ሹፌርም ይመጣል። አቦል ሳያልቅ የነገውን መንገድ ታውቃላችሁ። የት እንደተቆፈረ፣ የት ናፍጣ እንዳለ፣ የቱ ጋ ሰላም እንዳልሆነ ይነገራችኋል። እኛ ትልቁን የጸጥታ ጥያቄ የምንፈታው እንዲህ ነው። ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ሄደን ከዚያ መስመር የገባ ሹፌር እንጠይቃለን። "ተዉት" ካሉን እንተዋለን። መንገዱ ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚህ የወር ዕቅድ ይዞ ድርቅ ማለት አይሆንም። ከጅማ ስትነሱ ቡናውን በደንብ ጫኑ። ለስጦታም ይሆናችኋል።

መጀመሪያ ቦንጋ ደርሳችሁ ተመለሱ። ከጅማ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ የሚል ነው። የከፋ ደን በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ ነው። የቡና ሙዚየሙም እዚያ አለ። የትኛው ዕቃ እንደሚንኳኳ፣ ፍራሹ ለወገብ እንደሚስማማ፣ ማን ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ ያኔ ይለያል። ቤት ሲቃረብ ማስተካከል ይቀላል።

ወደ አዲስ አበባ ከሄዳችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ በቀን ይጨርሰዋል፣ እናንተ ግን ለሁለት ክፈሉት። ጊቤ በረሃ ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩ። የጫነ ሀይሩፍ ፍሬን እዚያ ቁልቁለት ላይ ይግላል። ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ሸራውንና ስኮርት ጎማውን አሳዩ። ወሊሶ እደሩ። ከዚያ ወንጪን ማየት ትችላላችሁ፣ ግን አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ይበርዳል። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ አይደር። የባሌው ሳነቴ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል።

እኔ ግን የምወደው ሌላውን መስመር ነው። ጅማ ያለን ሰዎች አዲስ አበባን ሳንነካ ወደ ደቡብ መውረድ እንችላለን። በጭዳ አድርጎ፣ ዳውሮን አቋርጦ ወላይታ ሶዶ የሚያደርስ መንገድ አለ። ዳገቱና ቁልቁለቱ ብዙ ነው። ኦሞን ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ግን ሹፌሩም ማቆም ያምረዋል። ቁሙ፣ ምን ያስቸኩላችኋል? ከሶዶ ወዲያ አርባ ምንጭ ቅርብ ነው፣ ዶርዜ ከላዩ ተራራው ላይ አለ። ሲመለሱ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላል። አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነ አጎበር እንዳትረሱ፣ ወባ አለ። መኪናው መስኮት ላይ የሚገጠም መረብ ማሰፋትም ጥሩ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ በእኛ በኩል ዝናቡ ቶሎ አይወጣም። ጓሮ ቡና ካላችሁ ደግሞ ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ከጥር በኋላ ብትነሱ ልባችሁ እቤት አይቀርም።

ስንቅ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። መድኃኒት ከምትቆዩበት ጊዜ አስበልጣችሁ፣ ወረቀቱም አብሮ። የስኳር መድኃኒት ሙቀት ስለማይወድ ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥ። ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው፣ ስለዚህ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ቴሌብር ይኑር። አንዱ ስልክ ሲዘጋ ሌላው ያድናል።

ልጆቹ ለመስጋታቸው አይፍረዱባቸው፣ ወድደዋችሁ ነው። እኛ በየማታው ያደርንበትን ሆቴል ስምና የዘበኛውን ስልክ እንልክላቸዋለን። አሁን ሳንልክ ስናመሽ እነሱ "ዛሬ የት ደረሳችሁ?" ብለው ይደውላሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በጻፉት ውስጥ የባለቤትዎን ሐሳብ አላየሁም። እሳቸው የት መሄድ ይፈልጋሉ? ጉዞው የሁለታችሁ ነውና የመጀመሪያውን መስመር እሳቸው ይምረጡ። መንዳት ከቻሉም በየተራ ንዱ። የአልጋውን ልክ ከፈለጋችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ የእኛን ለክቼ ከነፎቶው እልካለሁ።