ማበቡን ያቆመው አበባዎ አልተራበም

ጥያቄ፦ «ከ5 ዓመት በፊት ጎረቤቴ ከግቢዋ ነቅላ የሰጠችኝን አበባ በአጥሩ ጥግ ተክዬው ነበር። ስሙን አላውቀውም፤ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ነው፤ ሥሩ ዝንጅብል ይመስላል፤ አበባው ሐምራዊ ነው። የመጀመሪያዎቹን 2 ዓመታት ያየው ሁሉ ያደንቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቅጠል ብቻ ሆኗል፤ ባለፈው ዓመት ያየሁት አበባ ከ3 አይበልጥም። እኔ በበኩሌ አልሰነፍኩም፤ እየኮተኮትኩ አፈር አስታቅፈዋለሁ፤ ፍግ አለብሰዋለሁ፤ ውሃም አላጓደልኩበትም። አሁን ደግሞ መሃል መሃሉ ቢጫ እየሆነ ይወድቃል፤ ሲነቀልም ይሸታል። ምን ዓይነት ማዳበሪያ ቢደረግለት ይሻላል?»

መልስ፦ ደብዳቤዎ አጭር ቢሆንም ለመልሱ የሚያስፈልገኝን ፍንጭ ሁሉ ይዟል። ስሙን ባይነግሩኝም፣ እንደ ሰይፍ የሾለ ጠፍጣፋ ቅጠል፣ ዝንጅብል የመሰለ ሥርና ሐምራዊ አበባ በአንድ ላይ ሲነሡ በመጀመሪያ የማስበው አይሪስን፣ ያውም ጺማም የሚባለውን ዓይነት ነው። ከቀሩት ጥቂት አበቦች አንዱ ሲፈነዳ ጠጋ ብለው ይመልከቱት፤ 3ቱ የአበባው ቅጠሎች ወደ ላይ ቆመው ሌሎቹ 3 ወደ ታች ከተንጠለጠሉ፣ በተንጠለጠሉትም መሃል እንደ ጺም ያለ ለስላሳ ጠጉር በመስመር ከተሰደረ አልተሳሳትኩም። ግላዲዮለስም ሰይፍ መሳይ ቅጠል አለው፤ ነገር ግን እሱ ሲነቀል የሚወጣው ክብና ጠፍጠፍ ያለ ራስ እንጂ አግድም የሚሄድ ቅርንጫፋም አካል አይደለም።

የጠየቁኝ ስለ ማዳበሪያ ነው፤ ይሁን እንጂ አበባዎ አልተራበም። ከደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ቃላት ጉዳዩን ነግረውኛል፤ አንዱ «5 ዓመት» የሚለው ሲሆን ሁለተኛው «አፈር አስታቅፈዋለሁ» የሚለው ነው። ተክሉ ቦታው ጠቦት እርስ በርሱ ተጨናንቋል፤ በዚያ ላይ የዚያ ዝንጅብል መሳይ አካል ጀርባ ፀሐይ መሞቅ ሲገባው ከአፈርና ከፍግ በታች ተቀብሯል። ሌላ ምክንያት ጨርሶ አይኖርም ለማለት አይደለም፤ ለምሳሌ በአጥሩ አጠገብ ያለ ዛፍ በእነዚህ ዓመታት አድጎ አጥልቶበት ከሆነ አበባው ይቀንሳል፤ አይሪስ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋልና። ነገር ግን በዚያው ቦታና በዚያው አየር 2 ዓመት አምሮ ማበቡ፣ ዘሩም አየሩም ተስማምተው እንደነበረ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የተለወጠው በመደቡ ውስጥ ያለው ሁኔታ ነው።

እርስዎ ሥር ብለው የጠሩት ዝንጅብል መሳይ አካል በእውነቱ ግንድ ነው፤ ከመሬት ጋር ተጋድሞ የሚያድግ፣ ምግቡንም በውስጡ የሚያከማች ግንድ ሲሆን ባለሙያዎች ራይዞም ይሉታል። እውነተኞቹ ሥሮች ከዚህ ግንድ ሆድ ሥር ወደ ታች የሚወርዱት ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ከዚህ ግንድ ጠባይ አንዱን ካወቁ የቀረው ሁሉ ይገለጽልዎታል፤ አንድ ጊዜ አበባ የሰጠ ግንድ ዳግመኛ አያብብም። እንደ ሙዝ ነው፤ እናትየዋ አንዴ ሰጥታ ታበቃለች፤ ተራው በጎንና በጎኗ የወጡት ልጆቿ ይሆናል። እያንዳንዱ ግንድ በየዓመቱ 2 ልጅ ብቻ ቢተካ፣ አንድ የነበረው በ4ኛው ዓመት 16 ይሆናል፤ አበባቸውን የጨረሱት እናቶች ደግሞ ባዶ ቀፎ ሆነው ከመሃል እንደተጋደሙ ይቀራሉ። ልጆቹ በእናቶቻቸው ላይ እየተደራረቡ ሲሄዱ ሥር የሚሰዱበት አፈር፣ ቅጠላቸውንም የሚዘረጉበት ብርሃን ያጣሉ። ስለዚህ ያቀጥላሉ እንጂ አበባ የሚሆን ጉልበት አያጠራቅሙም። መሃል መሃሉ ቢጫ መሆኑን የነገሩኝም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ የመደቡ መሃል የአሮጌዎቹ እናቶች መቃብር ሆኗል።

አሁን ልወቅስዎ ነው፤ ወቀሳው ለእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ግን ይወቁልኝ፤ በየግቢው የማየው ነገር ነው። ድንችና በቆሎ መኮትኮት የለመደ እጅ፣ ከመሬት ብቅ ያለ ግንድ ሲያይ «ሥሩ ተጋለጠ» ብሎ ይደነግጥና አፈር ያስታቅፈዋል። ለድንች ማስታቀፍ ደግ ሥራ ነው፤ ለአይሪስ ግን መታፈን ነው። የዚህ ተክል ግንድ ጀርባ ከአፈር በላይ ሆኖ ፀሐይና አየር ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ሲቀበር ግን እርጥበት ይይዘዋል፤ ቆዳው ይሳሳል። በኩትኮታው ጊዜ ደግሞ ዶማው ግንዱን ጫር ጫር ማድረጉ አይቀርም፤ በዚያች ቁስል በኩል ግንዱን የሚያበሰብስ የባክቴሪያ በሽታ ይገባል። ሲነቅሉት የሸተተዎት ይኸው ነው። ባደረጉ ቁጥር በጎ የሠሩለት የመሰለዎት ፍግም ነገሩን አባብሶታል፤ ፍግ፣ በተለይ ያልበሰለው፣ ናይትሮጅን የበዛበት በመሆኑ ቅጠሉን አፋፍቶ ግንዱን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰ ግንድ ደግሞ በቀላሉ ይበሰብሳል። ዩሪያም ያው ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ ለመግዛት ያሰቡትን ገንዘብ ያስቀምጡት፤ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልግዎ መንሽ ወይም አካፋ፣ የተሳለ ቢላዋ፣ ጥቂት በረኪናና አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ሥራው መደቡን ነቅሎ፣ ከፋፍሎና አራርቆ እንደገና መትከል ነው። አይሪስ የሚከፋፈለው አበባው ካለቀ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ የእርስዎ ግን አበባው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ ክረምቱ ወጥቶ አፈሩ ጠፈፍ እንዳለ ቢጀምሩ መልካም ነው። እፍኝ አፈር ጨብጠው ሲለቁት እንደ ጭቃ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ ፍርክስክስ ካለ ጊዜው ነው። በዝናብ መሃል የተቆረጠ ግንድ ቁስሉ ሳይደርቅ ይበሰብሳል።

በመጀመሪያ ቅጠሉን ሁሉ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው በማራገቢያ ቅርጽ ይቁረጡት። ቀጥሎም መንሹን ከመደቡ ዳር፣ ከግንዶቹ ራቅ አድርገው ሰክተው ጉብታውን በሙሉ ከሥሩ ፈንቅለው ያውጡት፤ ከመሃል ከጀመሩ ደህና ደህናውን ይወጉታል። አፈሩን በእጅዎ አራግፈው፣ ካስፈለገም በውሃ አጥበው፣ ግንዶቹን አንድ በአንድ በጣትዎ ጫን ጫን እያሉ ይፈትሿቸው። ጤነኛ ግንድ እንደ ጥሬ ድንች ጠንካራ ነው፤ ሲቆረጥም ውስጡ ነጣ ያለ ነው። አሮጌዋ እናት ቀላልና ቡሽ መሳይ ናት፤ ቅጠልም የላትም። የታመመው ደግሞ ጣትዎን ዝቅ ሲያደርጉበት ይሰረጉዳል፤ ውስጡ ቡናማና ልፍስፍስ ያለ ይሆናል፤ ሽታውም ራሱ ይናገራል።

ለመትከያ የሚመርጡት ከመደቡ ዳር የተገኙትን፣ እያንዳንዳቸው አንድ ደህና የቅጠል ማራገቢያና ከበታቻቸው ብርቱ ሥሮች ያሏቸውን ወጣት ግንዶች ነው። እነዚህን ከእናታቸው ጋር ከሚያገናኛቸው አንገት ላይ በአንድ ምት ለይተው ይቁረጡ። እናቶቹን ያለ ርኅራኄ ይጣሉ፤ «ምናልባት ያብቡ ይሆናል» ብለው የሚያስቀምጧቸው ከሆነ ልፋትዎ ከንቱ ነው። የታመመ ግንድ ካገኙ ነጭና ጠንካራ ሥጋ እስኪያገኙ ድረስ የበሰበሰውን ቆርጠው ያስወግዱ፤ ከግማሽ በላይ የበሰበሰውን ግን አያትርፉት። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ቢላዋውን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በተበረዘበት ዕቃ ውስጥ ነክረው ያውጡት። ለዚህ ያልተጠነቀቀ ሰው በሽታውን ከአንዱ ግንድ ወደ ሁሉም በራሱ እጅ ያዳርሳል።

የተቆረጡትን ግንዶች ዕለቱኑ አይትከሏቸው። ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ዘርግተው አንድ ወይም ሁለት ቀን ያቆይዋቸው፤ የተቆረጠው ቦታ ቆዳ መሳይ ቅርፊት ሲያበጅ ባክቴሪያው የሚገባበት በር ይዘጋል። አይሪስ ጥቂት ቀን ከአፈር ውጭ ቢውል አይጎዳም፤ ምግቡን በግንዱ ይዟልና አይቸኩሉ።

አተካከሉ የሥራው ሁሉ ራስ ነውና እዚህ ላይ በዝግታ ይሂዱ። መሬቱን አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው ካለሰለሱ በኋላ ጥልቅ ያልሆነ ጉድጓድ ያውጡ፤ በጉድጓዱ መሃል አፈሩን ሰብስበው እንደ አህያ ጀርባ ያለች ትንሽ ጉብታ ያብጁ። ግንዱን በዚህች ጉብታ ላይ ያስቀምጡትና ሥሮቹን፣ ጭነት በአህያ ግራና ቀኝ እንደሚወርድ፣ በሁለቱም ወገን ወደ ታች ያውርዷቸው። ከዚያ በሥሮቹ ላይ ብቻ አፈር ሞልተው በመዳፍዎ ጠበቅ ያድርጉት። ሥራውን ሲጨርሱ የግንዱ ጀርባ ከላይ ሲታይ፣ ውሃ ላይ እንደምትንሳፈፍ ዳክዬ ብቅ ብሎ መታየት አለበት። አፈርዎ አሸዋማ ከሆነና ፀሐዩ የሚያነድ ከሆነ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን አፈር ብታለብሱት አይከፋም፤ በጥቁር አፈር ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ይግለጡት፤ መደቡንም ከአካባቢው ከፍ ያድርጉት። በአንዱና በሌላው መካከል ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ሲተከል ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ግን አይሣሡ። ግንዱ የሚያድገው ቅጠሉ ባለበት ጫፍ በኩል ስለሆነ፣ የቅጠሉን ጫፍ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያዞሩት ልጆቹ እርስ በርስ አይጋጩም።

ሲተክሉ አንድ ጊዜ አፈሩ እስኪረካ ያጠጡት። ከዚያ በኋላ ጣትዎን ወደ አፈሩ ሰክተው ላይኛው 5 ሳንቲ ሜትር ደርቆ ካላገኙት ውሃ አያስነኩት። አዲስ ቅጠል ብቅ ካለ ሥሩ ያዘ ማለት ነውና ከዚያ ወዲያ ውሃውን ያሳሱት። ማዳበሪያ ካላደረግሁ አልረካም ካሉ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ እሱንም ከግንዱ አንድ ጋት ያህል አርቀው በስሱ ይበትኑ። ግንዱን ጉዝጓዝ አያልብሱት፤ አረሙን በእጅ ይንቀሉት እንጂ በዶማ አይቅረቡት።

ከመደቡ ያስወገዱትን የበሰበሰ ግንድ ከብስባሽ ጉድጓድ አይጨምሩት፤ አርቀው ያቃጥሉት ወይም ይቅበሩት። ጤነኛውንም ቢሆን ለከብትና ለፍየል አይጣሉ፤ የአይሪስ ግንድ የእንስሳትን ሆድ የሚያውክ መርዛማ ነገር አለውና።

ምናልባት በግቢዎ ሌሎች ከመሬት በታች ምግብ የሚያከማቹ አበቦች ካሉ፣ ይህን ምክር በሙሉ ለእነሱ አያውሉት። ካናም ራይዞም አለው፤ ጠባዩ ግን ተቃራኒ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀብሮ ብስባሽና ውሃ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ግላዲዮለስ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀበራል። ሽንኩርት መሳይ ራስ ያላቸው አብዛኞቹ የራሳቸውን ቁመት ከ2 እስከ 3 እጥፍ በሚሆን ጥልቀት ይተከላሉ፤ አማሪሊስ ግን አንገቱን አውጥቶ መቀመጥ ይፈልጋል። ለሁሉም የሚሆን ሕግ ቢኖር አንድ ነው፤ አበባው ረግፎ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እያለ «ግቢ ያቆሽሻል» ብለው አይጨዱት፤ ለመጪው ዓመት አበባ የሚሆነው ምግብ የሚዘጋጀው በዚያ ቅጠል ነው። ለአይሪስ ያልኩት የቅጠል ቆረጣ ነቅሎ ለመትከል ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ የሚቆረጠው አበባውን የጨረሰው ዘንግ ነው።

በመጀመሪያው ወቅት አበባው ጥቂት ቢሆን ወይም ጭራሽ ባይመጣ አይዘኑ፤ ተክሉ ሥር እየሰደደ ነው። በሁለተኛው ወቅት ግን አብዛኛው ማራገቢያ የአበባ ዘንግ ማውጣት አለበት፤ ያን ጊዜም ካላበበ የመደቡ ፀሐይ በቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ ቆጥረው ይጻፉልኝ። ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ ግንዶቹ ጎን ለጎን መነካካት ሲጀምሩ ሽታው እስኪመጣ ሳይጠብቁ መንሹን ያንሡ።