ግሽበት ቀነሰ ሲባል ምን ቀነሰ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በዜና «የዋጋ ግሽበት ቀነሰ» ሲባል እሰማለሁ። ገበያ ስወጣ ግን ዘይቱም ሽንኩርቱም ጭራሽ ጨምሯል። «ግብር ቀነሰ» የሚለውም እንዲሁ ግራ ያጋባኛል። አባባሉ ትክክል ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰዋስዉ ላይ ስህተት የለም። ግን ግራ ቢጋቡ አይፈረድብዎትም። በገበያ አማርኛ «ጤፍ ቀነሰ» ስንል ዋጋው ወረደ ማለታችን ነው። ስለዚህ «ግሽበት ቀነሰ» ሲባልም ጆሯችን የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ግሽበት ግን ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም።

በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። እስቲ በእነዚህ ቁጥሮች እናስላ። 100 ብር የነበረ ዕቃ 30 በመቶ ሲጨምር 130 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት 14 በመቶ ብቻ ቢጨምር 148 ብር ከ20 ሳንቲም ይገባል። ግሽበቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። እርስዎ ግን 18 ብር ከ20 ሳንቲም ጨምረው ከፈሉ። ዘይቱ ያልቀነሰው ለዚህ ነው።

ለጋዜጠኞች የምመክረው «የዋጋ ጭማሪው ረገብ አለ» እንዲሉ ነው። ይህን ማንም አድማጭ አይስተውም። «ቀነሰ»፣ «ወረደ»፣ «ረከሰ» የሚሉት ዋጋው በእርግጥ ዝቅ ሲል ይምጡ። ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው ያልመጣ ርካሽነት ሲበሰርለት ያማል።

«ግብር ቀነሰ» የሚለው ይሻላል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው ቀድሞ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 500 ብር ነው። (የጡረታው መዋጮ ለብቻው ነው።) ስለዚህ የሚከፍለው ግብር ቀንሷል። «የግብር ተመን ቀነሰ» ከተባለ ግን ስህተት ነው። ተመን መቶኛው ነው። ከፍተኛው ተመን ድሮም 35 በመቶ ነበር፤ ዛሬም ያው ነው። ዝቅተኛው እንዲያውም ከ10 ወደ 15 በመቶ ወጥቷል።