ጥያቄና መልስ፦ ፊልም ላይ የምናየው ፖከርና የካርታ ሌብነት ምን ያህል እውነት ነው?

በዋዡ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ በሠርግና በልደት ላይ የካርታ ምትሃት የማሳየው እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ ካርታ ስላለባቸው ፊልሞች የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። እንዴት እንደሚሰረቅ አላስተምርም። በብር ተጫወቱም አልልም። ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው፦ ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት ጠረጴዛ ላይ፤ ከሰባቱ የሚወጣው ምርጥ አምስት ካርታ «እጅ» ይባላል።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ካዚኖ ሮያል ላይ ያለው የመጨረሻው እጅ በእውነት ሊመጣ ይችላል?

በዋዡ፦ ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል። የ2006ቱ የጄምስ ቦንድ ፊልም ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አስ፣ ስምንት፣ ስድስትና አራት አሉ። ከአምስቱ አራቱ አንድ ዓይነት ምልክት፣ ስፔድ ናቸው። አራት ሰው ገንዘቡን ሙሉ አስገብቷል። የመጀመሪያው ፍላሽ ገለጠ፤ አምስቱም አንድ ምልክት ማለት ነው። ሁለተኛው ባለ ስምንት ፉልሃውስ፤ ሦስት ስምንትና ሁለት አስ ማለት ነው። የቦንድ ባላንጣ ለ ሺፍር ባለ አስ ፉልሃውስ። ቦንድ ደግሞ አምስትና ሰባት ስፔድ ይዞ ስትሬት ፍላሽ፤ አንድ ምልክት ያላቸው ተከታታይ አምስት ካርታዎች። ልብ በሉ፣ ደካማው መጀመሪያ ገልጦ ጀግናው የመጨረሻ ነው።

እያንዳንዱ እጅ ለብቻው ይመጣል። አራቱ በአንድ ዙር ሲመጡ ግን እኔ ቦንድን አላይም፣ አዳዩን ነው የማየው። ቁጥሩን ልንገራችሁ። ከ52 ካርታ አምስት ስትወስድ 2,598,960 ዓይነት እጅ አለ። ከነዚህ ውስጥ ትልቁ እጅ፣ ከአስር እስከ አስ በአንድ ምልክት የሆነው ሮያል ፍላሽ፣ 4 ብቻ ነው፤ ማለትም ከ649,740 አንዱ። በሰባት ካርታ ሲሆን ከ30,940 አንዱ ይሆናል። ፊልም ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስፈልገዋል፣ ያመጣዋልም። እውነተኛ ፖከር አብዛኛው ጊዜ ካርታ መጣል ነው። ትልልቅ ገንዘብ በአንድ ጥንድ ይበላል፤ አንዳንዴም ምንም ሳይያዝ።

ከለገሃር፦ መጽሐፉ ላይ ፖከር አይደለም፣ ባካራ የሚባል ሌላ የካርታ ጨዋታ ነው። የ1953 መጽሐፍ ነው። ፊልሙ አበላሸው።

ከሳቢያን፦ ባካራ ማን ይገባዋል አቦ! በዚያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ሆልደም ነበር የሚያየው።

ከለገሃር፦ ስላልገባህ ይቀየራል እንዴ?

ከመጋላ፦ ወላሂ እኔ ኮንከር ስጫወት ከዚህ የባሰ እጅ አይቻለሁ።

ከሳቢያን፦ ኮንከር በሁለት ደስታ ካርታና በጆከር ነው ዋሪያ፣ ምን አገናኘው?

በዋዡ፦ ባካራ መሆኑ ትክክል ነው። ኮንከር ሌላ ሂሳብ መሆኑም ትክክል ነው። እንቀጥል።

ከመጋላ፦ እሺ ጋሼ፣ ካርታ ላይ እንዴት ነው የሚያጭበረብሩት?

በዋዡ፦ የትኛውን? ማደሉን ነው? ምልክት ያለበትን ካርታ ነው? ምልክት የሚለዋወጡ ጓደኛሞችን ነው? ጥያቄህን ለይተህ አምጣ። አሠራሩን ደግሞ አላስተምርም ብያለሁ።

ከደቻቱ፦ እኔ ለይቼ ልጠይቅ። ፊልም ላይ ሌባው ካርታውን በአንድ እጁ ያሽከረክራል፣ አየር ላይ ያፈሰዋል። እውነተኞቹ እንደዚያ ናቸው?

በዋዡ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ስጠብቀው የነበረው ይሄን ነው።

አይደሉም። ያንን የማደርገው እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ሠርግ ላይ ሰው እንዲያጨበጭብ እፈልጋለሁ። ሊሰርቅ የተቀመጠ ሰው እጁን ማንም እንዲያይለት አይፈልግም። ሲበውዝ እንደ ማንም ነው የሚበውዘው። አንዳንዱ ሆን ብሎ እጀ ሰባራ ይመስላል። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ካርታ በአየር ላይ ቢያፈስ፣ የሚያውቅ ተጫዋች ገንዘቡን ሰብስቦ ይነሳል።

ዘ ስቲንግን ያያችሁ አላችሁ? 1973 የወጣ ነው። ፖል ኒውማን ካርታ ሲበውዝ እጁን ቀረብ አድርገው የሚያሳዩበት ቦታ አለ። ያ እጅ የእሱ አይደለም። ጆን ስካርኒ የሚባል፣ ዕድሜውን ሙሉ የካርታ ሌብነትን ሲያጋልጥ የኖረ ባለሙያ እጅ ነው። ስለዚህ ፊልም ስታዩ አንድ ነገር ፈትሹ፦ ካሜራው ከፊት ወደ እጅ ሳይቆረጥ ይወርዳል ወይስ ይቆረጣል? ከተቆረጠ የሌላ ሰው እጅ ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሩ።

ግን ያ ፊልም አንድ ትልቅ እውነት ይዟል። ባቡር ላይ ያለውን ጨዋታ አስታውሱ። ባለጋራው የተዘጋጀ ካርታ አስገብቶ አራት ዘጠኝ ይዟል። ኒውማን አራት ጃክ ገለጠ። ሰውየው ምን ይበል? ሰረቀኝ ብሎ ቢጮህ፣ እሱ ሌላ ካርታ መያዝ እንደነበረበት አንተ እንዴት አወቅህ ሊባል ነው። ዝም ብሎ ተበላ። በእውነተኛው ዓለምም የሚበላው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝ ብልጡ ብሎ የገባው ነው። ከጣት ፍጥነት ይልቅ የሰውን ስስት ማወቅ ይበልጣል። ለዚህ ነው ይሄን ፊልም የምወደው።

ፊልሞች እምብዛም የማያሳዩትን ደግሞ ልጨምር፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። አብዛኛው ስርቆት የጣት ጥበብ የለበትም። ሁለት ጓደኛሞች እንደማይተዋወቁ ሆነው ይቀመጣሉ። አንዱ ጥሩ ካርታ ሲይዝ ሌላው መደቡን ይጨምራል። መሃል ያለው ሰው በሁለቱ ይጨመቃል። በአንድ ሌሊት ሁሉንም አይወስዱም፤ በትንሽ በትንሹ ነው። የሚሽከረከር ካርታ ስለሌለ ለካሜራ አይመችም።

ከቀፊራ፦ ታዲያ ገበያ ውስጥ ሦስት ካርታ አስቀምጠው ቀዩን አግኝ የሚሉትም እንደዚያ ናቸው? አንድ ልጅ ሲያሸንፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

በዋዡ፦ እሱ ልጅ የአጫዋቹ ጓደኛ ነው። በየትኛውም አገር ሥራው አንድ ነው። አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ያሸንፋል፣ አንዱ አንተን ከኋላ እየገፋ ያበረታታል፣ አንዱ ፖሊስ ይጠብቃል። የካርታዋ ጫፍ ስትታጠፍ ካየህ ደግሞ እንድታያት ነው የታጠፈችው። ዓይንህ ቢፈጥንም አታሸንፈውም። እባክህ በብር አትንካው።

ከገንደቆሬ፦ ጋሼ፣ እኔ ራውንደርስን ነው ያየሁት። ሩሲያዊው ብስኩት ጆሮው ጋ ሲሰብር ካርታውን ያወቁበታል። ሰው እንደዚያ ይታወቃል?

በዋዡ፦ እህቴ፣ የ1998ቱ ፊልም በብዙ ነገሩ ጥሩ ነው፤ የቁማርተኛውን ቋንቋና ድካም ያሳያል። ብስኩቱ ግን ተጋንኗል። በዚያ ደረጃ ያለ ሰው እንደዚያ ግልጽ ምልክት ይዞ አይቆይም። ምልክት የለም ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ ገንዘብ ሲያስገባ እጁ በድንገት የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ ፊልም ላይ ውሸታም ነው፤ በእውነቱ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ካርታ ይዟል። ጎበዝ ተጫዋች ግን ከፊት ይልቅ ሰውየው ካሁን በፊት በምን ካርታ ስንት እንዳስያዘ ነው የሚያስታውሰው።

ከሳቢያን፦ የመኪና ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ መወርወርስ?

በዋዡ፦ ያውም እዚያው ካዚኖ ሮያል ላይ አስተን ማርቲን ተወርውሯል። ደህና የቁማር ቤት ውስጥ አይፈቀድም። እጁ ሲጀመር ጠረጴዛ ላይ ባለህ ገንዘብ ብቻ ነው የምትጫወተው። ገንዘብ ስላነሰው ማንም ተገዶ አይጥልም፤ ባለው ይገባል፣ ትርፉ ለሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጣል። «ያስያዝከውን ተቀብያለሁ… በዚያ ላይ ደግሞ ይሄን ጨምሬያለሁ» ማለትም ክልክል ነው። መጀመሪያ የተናገርከው ይያዛል።

ከመጋላ፦ ካርታ መቁጠርስ ጋሼ?

በዋዡ፦ የወጡትን ካርታዎች እያስታወሱ መቁጠር ብላክ ጃክ በሚባል ሌላ ጨዋታ ላይ ነው። ፖከር በየእጁ እንደገና ይበወዛል፣ የሚቆጠር የለም።

ከለገሃር፦ ምዕራባውያን ፊልሞች ላይ ሌባው ይተኮስበታል። አሜሪካዊው ዝነኛ ተኳሽ ዋይልድ ቢል ሂኮክም በዚህ ነው የሞተው።

በዋዡ፦ በ1876 ዴድውድ ውስጥ ካርታ ይዞ ከኋላው ተተኮሰበት፤ ሲሰርቅ ተይዞ አይደለም። ይዞት ነበር የሚባለው ሁለት አስና ሁለት ስምንትም ብዙ ቆይቶ የተወራ ነው።

ከቀፊራ፦ በስልክ የሚጫወቱት ፖከርስ አስተማማኝ ነው?

በዋዡ፦ በብር አትጫወቱ ብያለሁ። ማን ከማን ጋር በስልክ እንደሚነጋገር በምን ታውቃለህ?

ከመጋላ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ግን ካርታ ሲታደል እንዴት ነው የሚሸውዱት?

በዋዡ፦ ሁለተኛ ጊዜህ ነው ዋሪያ። ከላይ ያለውን አንብብ።

ከደቻቱ፦ እኛ ቤት ውስጥ ያለ ብር፣ ከበርጫ ጋር እንጫወታለን። ተንኮል እንዳይገባ ምን እናድርግ?

በዋዡ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ አበዋወዛችሁን አስተካክሉ። እዚህ እኛ ጋ ካርታውን ከእጅ ወደ እጅ እያፈሰስን ነው የምንበውዘው። ያ ብዙም አያቀላቅልም፤ ቅድም የተያያዙ ካርታዎች እንደተያያዙ ይቀራሉ። ለሁለት ከፍሎ ጫፍና ጫፉን እያጠላለፉ መበወዝ ይሻላል። ባየርና ዳያኮኒስ የተባሉ የሂሳብ ሊቃውንት በ1992 እንዳሳዩት፣ በዚህ መንገድ 52 ካርታ በደንብ እንዲቀላቀል ሰባት ጊዜ ያህል ይፈልጋል። ዳያኮኒስ ራሱ በ14 ዓመቱ ከቤት ወጥቶ ከታላቁ የካርታ ምትሃተኛ ከዳይ ቬርኖን ጋር የዞረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ካርታን ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል።

ከዚያ የበወዘው ሰው ራሱ አይቁረጥ (ለሁለት ከፍሎ የላዩን ከታች አያድርግ)፣ ሌላ ይቁረጥ። ከታች ያለችው ካርታ እንዳትታይ አንድ ወፍራም ወረቀት ወይም ጆከር አስገቡባት። አዳዩ ካርታውን ከጠረጴዛው ብዙ ሳያነሳ፣ ለሁሉም እየታየ ያድል። ሆልደም ከሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ከመገለጡ በፊት ከላይ ያለችው አንዷ ሳትታይ ትጣል፤ ጀርባዋ ላይ ምልክት ቢኖር እንኳ ያወቃት ሰው አይጠቀምባትም። ያረጀና ጫፉ የተጎዳ ካርታ ደግሞ ቀይሩት።

ከደቻቱ፦ የኛ ካርታ ሁለቱ ተቀደው በእስኪርቢቶ የተጻፉ ናቸው።

በዋዡ፦ እሱን ነገ ጣሉት። ከዚራ ብቅ በሉ፣ አዲስ ደስታ እሰጣችኋለሁ።