ሥራ ላይ ተጎድታችኋል? ጠይቁኝ

እዚሁ ባሕር ዳር በፋብሪካ ሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ለ12 ዓመት አገልግያለሁ። የተጎዱ ሰዎችን ይዤ ሆስፒታልም ፍርድ ቤትም ተመላልሻለሁ። ካሣቸው የቀረባቸው ሰዎች ሕጉ ስላልደገፋቸው አልነበረም። ወይ ዘገዩ፣ ወይ ሳያነቡ ፈረሙ። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

እንጨት ቤት ነው የምሠራው። መጋዙ ሁለት ጣቴን ቆረጠኝ። ባለቤቱ «ጥፋቱ የራስህ ነው፤ ተጠንቀቅ ብዬህ ነበር» ይላል። ልከሰው እችላለሁ?

ትችላለህ፣ ወንድሜ። እግዜር ይማርህ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። አሠሪው ከኃላፊነት የሚድነው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስ፣ ወይም ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ ሥራ መግባት እንደዚያ ይቆጠራል። «ተጠንቀቅ» ማለት ግን በእኔ እምነት ግልጽ መመሪያ አይባልም። የመጋዙ መከላከያ ተነሥቶ ከነበረ ሳይመልሱት ፎቶ አስነሣው።

አባይ ማዶ ሕንፃ ላይ ስሠራ ከመወጣጫ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። የቀን ሠራተኛ ነኝ። የፈረምኩት ውል የለም።

የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። እዚያ መሥራትህን ማስረዳት ግን ያንተ ፋንታ ነው። አብረውህ የነበሩትን ልጆች ስምና ስልክ ዛሬውኑ ጻፍ። ግንባታው ሲያልቅ አንዱ መርዓዊ፣ ሌላው መተማ ይሄዳል፤ ከዚያ ምስክር ፍለጋው ጭንቅ ነው። ክፍያህ በቴሌብር ይመጣ ከነበረ መልእክቱን አታጥፋ። የሆስፒታል ካርድህንም አስነብበው። «ወደቀ» ብቻ ከሆነ የተጻፈው፣ ሥራ ላይ ሳለህ ከሕንፃ መውደቅህ እንዲጻፍልህ ለሐኪሙ ንገር። በዚች አንዲት ቃል መጉደል ወራት ስንከራከር አይቻለሁ።

አሠሪዬ የአጎቴ ወዳጅ ነው። ሽማግሌ ልኮ «20 ሺህ ብር ልስጥህና ጥያቄ የለኝም ብለህ ፈርም» አለኝ። ቤተሰቦቼም ፈርም ይሉኛል።

ይሄ ጥያቄ ሁሌም ልቤን ይነካዋል። ሽምግልናን አልጠላም፤ ብዙ ነገር በእርቅ ሲያልቅ አይቻለሁ። ግን የሐኪሞች ቦርድ የጉዳትህን መጠን በመቶኛ ሳይወስን አትፈርም። የሚገባህን ሳታውቅ በምን ላይ ትታረቃለህ?

ስሌቱን እንየው። የወር ደመወዝህ 6,000 ብር ነው እንበል። በዓመት 72,000 ይሆናል። ፈጽሞ መሥራት የማያስችል ዘላቂ ጉዳት ከሆነ ካሣው የአምስት ዓመት ደመወዝ ነው፤ 360,000 ብር። ቦርዱ 30 በመቶ ካለ 108,000 ይደርስሃል። 20 ሺውን ከዚህ ጋር አስተያየው። (ከደመወዝህ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥ ከነበረ የአካል ጉዳት ክፍያው በማኅበራዊ ዋስትና በኩል ይመጣል፤ ስሌቱም ይለያል። ስለዚህ መቆረጡንና ገቢ መደረጉን አጣራ።)

ይህን ስሌት በወረቀት ጽፈህ ለሽማግሌዎቹ አሳያቸው። ሊጎዱህ ፈልገው ላይሆን ይችላል፤ ሕጉን ባለማወቅ ነው። ይሉኝታ ይዞህ ዝም ብትል ግን ጉዳቱን ብቻህን ነው የምትሸከመው።

እየታከምኩ ነው። እስከዚያው ደመወዝ አለኝ?

አለሽ፣ እኅቴ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ሕክምናውና መድኃኒቱም በአሠሪው ነው። «ለሕክምና ያወጣሁትን ከካሣሽ እቀንሳለሁ» ቢልሽ አትቀበዪ፤ ካሣ በዕዳ አይያዝም።

በድርጅቱ ሰርቪስ ወደ ሥራ ስንሄድ ተጋጨን።

የሥራ ላይ አደጋ ነው። በራስህ ባጃጅ ሄደህ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር።

ልጄ አሸዋ ሲጭን ተንዶበት ሞተ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። እኔ እናቱ መብት አለኝ?

እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጅዎ ይጦርዎት ከነበረ በሕግ ጥገኛው ነዎት፤ ካሣ መጠየቅ ይችላሉ። መጀመሪያ ማን ቀጥሮት እንደነበር እንወቅ። አሸዋ ላይ የሚሠሩ ልጆች አንዳንዴ ተደራጅተው ለራሳቸው ነው የሚሠሩት፤ ያኔ የሚከሰስ አሠሪ አይኖርም። ሰው ቀጥሮ በቀን እየከፈለው ከነበረ ግን አሠሪ አለ ማለት ነው። ብር ይልክልዎት የነበረበትን ደረሰኝ ይፈልጉ። ይጦርዎት እንደነበር የሚያውቁ ጎረቤቶችም ይመስክሩልዎ። ብቻዎን አይሂዱ፤ የሚያነብልዎ ሰው ይዘው ይሂዱ።

ከተጎዳሁ 10 ወር ሆነኝ። አሠሪዬ «እከፍልሃለሁ፣ ትንሽ ጠብቀኝ» ይለኛል።

አትጠብቅ! የካሣ ጥያቄ በ1 ዓመት በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ በሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ይታገዳል። የቃል ተስፋ ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቋርጠው ክስ ማቅረብህ፣ ወይም አሠሪው መብትህን በጽሑፍ ማመኑ ነው። እውነት ሊከፍልህ ካሰበ ዛሬ ይጻፍልህ። ካልጻፈ መልሱን አገኘህ።

ክሱ የሚቀርበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ለጠበቃ አቅም ከሌለህ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ያዛል፤ ሲዘገይም አይቻለሁ። ብትሸነፍ ይግባኝ ለማለት 30 ቀን አለህ።

ሰኞ ጠዋት ሂድ። መታወቂያህን፣ የሕክምና ማስረጃህን፣ የደመወዝ መልእክቶችህንና የምስክሮችህን ስም ያዝ። ከሁሉም ኮፒ አስቀር፤ ዋናውን ለአሠሪህ እንዳትሰጥ።